አርባ ቀን አራስ ቤት የከረመ ቲማቲም

ስሜ ጣይባ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ «አዋላጇ ጣይባ» ብላችሁ ብትጠይቁ ደጄ ድረስ የሚያደርሳችሁ አታጡም፤ የሚያደርሳችሁንም ሰው ምናልባት ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ወይ ይኮራል ወይ ይዋሻል። እኔ ሁለቱንም ባንድ ላይ ስለማስኬደው ጊዜ አላባክንም። ይህችን ግን ሳልዋሽ ነው የምነግራችሁ፤ ያየ ሰው ብዙ ነውና።

የተወለድኩት ሐርቡ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ሀምዱ ለሚባል ልብስ ሰፊ ተዳርኩና ደሴ ወጣሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሊገድለኝ ነበር፤ ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ ደግ ሰው ስለነበር ቻልኩት። አማቴ አዋላጅ ነበረች። እሷን ተከትዬ ውሃ ሳሞቅ፣ ጨርቅ ሳቀብል ሙያው እጄ ላይ ቀረ። ስንት ልጅ እንዳወጣሁ በትክክል አላውቅም። ሲጠይቁኝ «ሦስት መቶ» እላለሁ፤ ስቆጣ አምስት መቶ ይሆናል። የራሴን ግን አሳምሬ አውቃለሁ። አራት ወለድኩ፣ ሦስቱን ቀበርኩ። አንዷን ሳል፣ አንዱን ኩፍኝ፣ አንዱን ደግሞ ምን እንደነካው ሳላውቅ አላህ ወሰደብኝ። የሰውን ልጅ ሁሉ በሰላም ሳወጣ የራሴን ማቆየት አልቻልኩም። የቀረችኝ ከሪማ ብቻ ናት።

እሷን እንዴት አሳደግሻት ካላችሁኝ፣ አላሳደግኳትም፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት። ነፋስ ሲነፍስ በር እዘጋለሁ፣ ፀሐይ ስትበረታ ነጠላ እጋርዳለሁ። ትምህርት ቤት አድርሻት አልመለስም፤ ደወል እስኪደወል አጥሩ ሥር ቁጭ ነው። ልጆቹ «የከሪማ ዘበኛ» ይሉኝ ነበር። እኔም ስሙን ወደድኩት እንጂ አላፈርኩበትም።

ታዲያ ይህች ጠቅልዬ ያስቀመጥኳት ልጅ በሃያ ዓመቷ በሺር የሚባል የመኪና ረዳት አግብታ ኮምቦልቻ ወረደች። ኮምቦልቻ ከደሴ ቁልቁል አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ግን ጅዳ የሄደችብኝ ያህል አለቀስኩ። ዓመት ሳይሞላቸው በሺር ሚሊሺያ ተብሎ ዘመተ። «በይ እንግዲህ፣ ወደ ቤትሽ ነይ» አልኳት። እሷ ግን ሲመለስ የሚያገኘኝ እዚህ ነው ብላ አንዲት ክፍሏን ይዛ ቀረች። ቀን ቀን የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ማታ ትጸልያለች። እኔም እዚያ ማዶ ተራራው ላይ ሆኜ መቼ ይሰለቻት ይሆን እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የኮምቦልቻ ቀበሌ ባሎቻቸው ለዘመቱባቸው ሴቶች ቦርከና ወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ አደለ። ለከሪማ አሥር መደብ ደረሳት። ደንቡ አጭር ነው፤ የካቲት ሃያ አምስት ቀን ኮሚቴው ዞሮ ያያል፣ ችግኝ ያልቆመበት ቦታ ለተረኛ ይሰጣል። ልብስ አጠባው ለሆድ እንኳ አይበቃትም ነበርና፣ ያ ቦታ ከሄደ ኮምቦልቻ የሚያቆያት ነገር የለም። ጓዟን ሸክፋ እኔው ቤት መምጣቷ ነው።

እንየው የሚባል የእርሻ ባለሙያ ለየሴቶቹ ዘር በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው፤ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና ትንሽ በሶብላ። እንደ ሐበሻ ጎመን በትነውት የሚሄዱት ዘር አይደለም። መጀመሪያ በጣሳ ይበቅላል፣ ቤት ውስጥ ከውርጭ ይጠበቃል፣ በልጉ ሲቃረብ ወደ መደቡ ይዛወራል። ከሪማ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፤ ግቢው ደግሞ የአከራይዋ ዶሮ የሚርመሰመስበት ነው። ነገሩን ስሰማ ሳልጠየቅ ዘው አልኩበት። «ሦስት መቶ ልጅ ያወጣ እጅ ጎመን ያቅተዋል?» አልኳት። ከሪማ ትንሽ አመነታች፤ ማመንታቷን አየሁና አራት መቶ አደረስኩት።

ዘሩን ስትሰጠኝ የእንየውን ምክር ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ። ከውርጭ ይጠበቁ፣ ግን ጠዋት ጠዋት ጥቂት በጥቂት ፀሐይ ይዩ፣ ውጭውን ይልመዱት ብሏል። የፊተኛውን ግማሽ ያዝኩ። የኋለኛውን፣ ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ልጅ ስለ አራስ ቤት ምን ያውቃል ብዬ ባንድ ጆሮዬ አስገብቼ በሌላው አስወጣሁት።

ጥር አሥር ቀን ዘራሁ። የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የድልህ ጣሳ፣ ጆሮው የተሰበረ ድስት፣ ከየጎረቤቱ ለቃቅሜ አሥራ ሰባት ዕቃ አፈር ሞላሁ። አልጋዬ ላይ ደረደርኳቸውና እኔ ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፌ ተኛሁ። ዙሪያውን መጋረጃ ጋረድኩ፣ መስኮቱን በጆንያ ደፈንኩ፣ ሰይጣን እንዳይቀርብ ከፍራሹ ሥር ቢላ አኖርኩ። ሳቅ ከመጣባችሁ ቆጥቡት፣ ገና ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ቀጥታ አይዘልቅም፤ ምች ይዞባቸው እንዳይገባ፣ ላቡ እስኪደርቅ በሩ ላይ ቁጭ ይላል። አርባ ቀን ፀሐይም የሰው ዓይንም አያገኛቸውም። አራስ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀው አራስ መጠበቅ ብቻ ነው።

በስምንተኛው ቀን ብቅ ብቅ ሲሉ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ማን ወለደ ብሎ መጣ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጉልበት ይሁናቸው ብዬ የአብሽ ውሃ አጠጣኋቸው፤ በማግሥቱ የሆጤ ጉንዳን ተጠራርቶ አልጋዬ ላይ ሰፈረ። ሁለት ቀን ሙሉ ጉንዳን ስለቅም ወገቤ ተቆረጠ። ለአራስ ልጅ የሚባለውን አዛን ብቻ ነው በጆሯቸው ያላስባልኩላቸው፤ እሱንም ሼሁን ፈርቼ ነው።

ማደግስ አደጉ። በአንድ ወር ውስጥ ስንዝር አለፉ፤ ቀጠን፣ መለል ብለው አንገታቸውን ሁሉ ወደ መስኮቷ ስንጥቅ አሰገጉ። ቅጠላቸው ነጣ ሲል ቀያይ ልጆች ወጡልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ሲንገዳገዱም ሕፃን መጀመሪያ አንገቱ አይጸናም አልኩና በስንጥር ደገፍኳቸው። እውቀት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ሥርጉት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ሰኞ ገበያ ላይ አትክልትና ችግኝ ትሸጣለች። እሷም ያን ጊዜ ችግኝ ታፈላ ነበር። የእሷ ግን በእንጨት ሣጥን ነው፤ ቀን አጥር ላይ ታሰጣቸዋለች፣ ማታ ጭድ ጣል ታደርግባቸዋለች፣ አለቀ። ድንክዬዎች፣ ግንዳቸው ጠቆር ያለ፣ ቅጠላቸው ሻካራ። ባየኋቸው ቁጥር ሆዴ ይባባል። የእንጀራ ልጅ እንኳ እንዲህ አይያዝም ብዬ ነግሬያት አውቃለሁ። እሷ ሳቀች። አንድ ቀን በሩ ላይ ላቧን አድርቃ፣ መጋረጃውን ገልጣ የእኔዎቹን አየች።

«ጣይባ፣ እነዚህ የረዘሙት ብርሃን ፍለጋ ነው። አውጫቸው» አለችኝ።

ቅናት ነው አልኩ በሆዴ። የእሷዎቹ ስንዝር አይሞሉ፣ የእኔዎቹ መለሎዎች፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አመስግኜ ሸኘኋትና፣ ዓይኗ ሳያርፍባቸው አልቀረም ብዬ መጋረጃውን ድርብ አደረግኩት።

የካቲት ሃያ ቀን አርባቸው ሞላ። ታጠብኩ፣ ንጹሕ ልብሴን ለበስኩ፣ አሥራ ሰባቱን ዕቃ በሁለት ዘንቢል ከፋፍዬ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሎንችና ተሳፈርኩ። አንዱን ዘንቢል እግሬ ሥር፣ ሌላውን በጋቢ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ታቀፍኩት። አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ሕፃን አለ፣ መስኮት ዝጉ ብለው አዘዙልኝ። ውሸት አልተናገርኩም፤ አላህ ያክብርልኝ ብቻ አልኩ። ኬላው ላይ ወታደር ገባና ጋቢው ይገለጥ አለ። ነፋስ ይመታቸዋል አልኩት። መንታ ናቸው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ሳማርጥ ገለጠው። ሎንችናው በሳቅ ተናጋ፤ ወታደሩም ፊቱን አዞረ። ሰውዬው ያስዘጉትን መስኮት መልሰው ከፈቱት።

ኮምቦልቻ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከሪማ አሥሩንም መደብ ቆፍራ፣ አፈሩን አልማ፣ ቦይ አውጥታ ጠበቀችኝ። ጋቢውን ስገልጥላት ማሻአላህ ትላለች ብዬ ነበር። ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«እማ፣ ፀሐይ አሳይተሻቸዋል?» አለችኝ።

ወላሂ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳቸው አልኳት፤ ጥያቄዋ ግን እሱ አልነበረም። እስኪመሽ እንጠብቅ አለች። አርባቸው ሞልቶ ምን እንጠብቃለን ብዬ እኔው ተንበርክኬ መትከል ጀመርኩ። እሷም እናቷ ነኝና እሺ አለች። ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ተነስቼ ስመለስ ሁሉም ተኝተዋል። መንገድ ደክሟቸው ነው አልኩ። ሌሊቱን ዱዓ አደረግኩ። ጠዋት ስንሄድ መደቡ ላይ የተዘረጋው የተቀቀለ ጎመን ነበር። ያ ሁሉ ቢላ፣ ያ ሁሉ መጋረጃ፣ አንድ ከሰዓት ፀሐይ አልቻለም።

ከሪማ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አራት ቀን ነው የቀረኝ፣ እማ። ከዚህ ከተነሳሁ በራሴ የማቆመው ነገር የለም» አለች።

«አብሽሪ፤ ቤትሽ አለ አይደል?» አልኳት።

አሁን የምነግራችሁን ለሼሁም ለጎረቤትም ተናግሬ አላውቅም። «ቤትሽ አለ» ስላት ደስ አለኝ። በሐሳቤ አልጋውን ለእሷ አነጠፍኩ፣ ቁርሷን ሠራሁ፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ልጄ የደረቀ ችግኝ ፊት ተቀምጣ እንባዋን ስትጠርግ፣ እኔ እናቷ በሆዴ ደስ አለኝ። ትንሽ ደስታ ናት፤ ግን ደስታ ነበረች። ከዚያ እንባዋን የጠረገችበትን እጅ አየሁ። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። አሥር መደብ ብቻዋን ቆፍራ። ያችን አጥር ሥር ቁጭ ብዬ የጠበቅኳትን ልጅ እንዲህ መቆፈር ያስተማራት ማነው? እኔ አይደለሁም። አፈርኩ፤ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር።

ሰው ሲያፍር ወዲያው ይታረማል እንዳትሉ። መጀመሪያ የሞከርኩት አቋራጭ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዘይኑልአቢዲን ይባላል፤ እናቱ የሆጤ ሴት ስለነበረች ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ቢሮው ሄድኩና አንድ ወር ጨምርላት አልኩት። እሺ ሳይለኝ ሲቀር፣ ሲወለድ በእግሩ እንደመጣ፣ እጄ ባይኖር ኖሮ ያ ወንበር ባዶ እንደሚሆን ሰው ፊት ዘረዘርኩለት። ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን በትሕትና ሰማኝና የተረኞቹን ዝርዝር አዙሮ አሳየኝ። ማንበብ አልችልም፤ አነበበልኝ። ቀጣይዋ ተረኛ ባሏ የዘመተባት፣ ሦስት ልጅ ያላት ሴት ናት።

«እማማ ጣይባ፣ ለእርስዎ ብዬ እሷን ምን ልበላት?» አለኝ።

ወጥቼ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና ያዝኩ። ዳገቱን ሁሉ ለሥርጉት ምን ብዬ እንደምጀምር ስሰናዳ ነበር። አንዴ ችግኞቹን መንገድ ላይ ሰረቁኝ ልበላት አሰብኩ፤ አንዴ ውርጭ መታቸው። በየካቲት ማብቂያ ኮምቦልቻ ላይ ውርጭ የለም፤ ሥርጉት ደግሞ ሞኝ አይደለችም።

ደጇ ስደርስ ሣጥኖቿን ውሃ ታጠጣለች። ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ገደልኳቸው፣ ሥርጉት። የነገርሽኝን አልሰማሁም። የከሪማ ቦታ ሊሄድ ነው» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ሰኞ ገበያ ሊወጡ የተዘጋጁ ናቸው አለች ለራሷ ይመስል። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ቀና ብላ ደግሞ እኔን አየች።

«ለከሪማ ከሆነ ይሂዱ። አንቺ ግን አትነኪያቸውም» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህች ቃል ሦስት ወር አኮርፍ ነበር። እሺ አልኩ። በማግሥቱ ሥርጉት ሥራዋን ትታ አብራኝ ወረደች። ሣጥኖቹን የት አስጫነቻቸው መሰላችሁ? ሎንችናው ጣሪያ ላይ። ነፋሱ ሲያፏጭ፣ ፀሐዩ ሲንቀለቀል፣ እኔ ውስጥ ሆኜ ጣሪያውን ሳይ አንገቴ ተጣመመ። ኮምቦልቻ ሲያወርዷቸው አንዱም ቅጠል አልጠወለገም። በውስጤ ትንሽ እንኳ እንዲጠወልጉ ፈልጌ እንደነበር አልክድም።

ሥርጉት ቸኩላ አልተከለችም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አረፈች። ከዚያ እሷና ከሪማ ተከሉ፤ እኔ ከቦርከና ውሃ እንድቀዳ ታዘዝኩ። ዕድሜ ልኬን ውሃ አምጡ እያልኩ ሰው ያሯሯጥኩት ሴትዮ፣ ያን ቀን ባልዲ ተሸክሜ ተሯሯጥኩ። ሥርጉት ተክላ ስትጨርስ ከየችግኙ ጎን ቅጠል ያለው ጭራሮ ሻጠች። ባልዲዬን አስቀመጥኩና ዘለልኩባት።

«አየሽ፤ ጥላ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው» አልኳት።

«ለሦስት ቀን» አለችኝ ቀና ሳትል።

ሥርጉት በማግሥቱ ጠዋት ተመለሰች፤ እኔ ቀረሁ። የካቲት ሃያ አምስት ቀን ኮሚቴው መጣ። ዘይኑልአቢዲን በየመደቡ እያጎነበሰ አየ። አንዷን የጎመን ችግኝ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረጋት፤ አልተነቀለችም። ከሪማ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች፣ እኔ ከእሷ በላይ ይዣለሁ። ወረቀቱ ላይ ጻፈና ስሟን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ቦታው የእሷ ሆነ። ሊሄድ ሲል ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ እነዚህንም ያሳደጓቸው እርስዎ ነዎት ወይ አለኝ። አፌ ሊከፈት ነበር፤ ታውቁታላችሁ አፌን። ከሪማ እየሰማች ነው። ውሃ የቀዳሁት ብቻ እኔ ነኝ አልኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኘችኝ። ሎንችናው እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆምን። እኔ የማያስፈልገውን ምክር ሁሉ አዘነብኩ፤ ዶሮ እንዳይገባ፣ ዓይን እንዳያርፍ፣ ጋቢ እንድትደርብ። አስጨረሰችኝና ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

«እማ፣ እዚህ ስቀር አዘንሽ?» አለችኝ።

«ምን አሳዝኖኝ፤ ደስ ብሎኛል እንጂ» አልኳት።

«ችግኞቹ የወደቁ ጠዋትም ደስ ብሎሽ ነበር። ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ቁጣ የለበትም አነጋገሯ፤ ውሃ ቀዝቅዟል እንደማለት ነው የተናገረችው። አምስት መቶ ልጅ ያወጣች፣ ሊቀመንበር ቢሮ ገብታ የጮኸች ሴትዮ፣ ሎንችናው ሞልቶ እንደሆነ ዞሬ ማየት ጀመርኩ።

«ሥርጉትን ይዘሽ ስትመጪም አይቼሻለሁ» አለችና እጄን ስማ ወደ መኪናው ደገፈችኝ።

ቦታዬን ይዤ በመስኮት ፈለግኳት፤ እጅ ታውለበልባለች ብዬ። ጀርባዋን ነው ያየሁት። ችግኞቹን ውሃ የምታጠጣበት ሰዓት ደርሶባት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ወንዙ ትሮጥ ነበር።